የአገር ስም በባዕድ ፊደል፦ ጠቡ ከማን ጋር ነው?

እ.ኤ.አ. በጁን 2022 መግቢያ ላይ ቱርክ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደብዳቤ ጻፈች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄዋ አጭር ነው። ስሜን በእንግሊዝኛ ስትጽፉ እንደለመዳችሁት ሳይሆን እኔ ራሴን እንደምጠራው «ቱርኪዬ» ብላችሁ ጻፉ የሚል። ድርጅቱም ወዲያው ተቀበለ። ቀደም ብሎ በ2021 መገባደጃ የወጣ የፕሬዚዳንት ኤርዶዋን መመሪያ የእንግሊዝኛውን፣ የጀርመንኛውንና የፈረንሳይኛውን አጻጻፍ እየጠራ ሁሉም በ«ቱርኪዬ» ይተካ ብሎ ነበር።

አገር ቤት ግን የተቀየረ ነገር የለም። ቱርኮች አገራቸውን ድሮም «ቱርኪዬ» ነው የሚሏት። እንዲቀየር የተጠየቀው በሌላ ሰው ቋንቋ ውስጥ የሚኖረው ስም ነው። ክርክሩን የሚያከረውም ይሄ ነው። አንድ መንግሥት በራሱ ቋንቋ ላይ ሕግ ቢያወጣ ማንም አይደነቅም። በእንግሊዝኛ፣ በጃፓንኛ ወይም በአማርኛ ላይ ግን ምን ሥልጣን አለው?

ነገሩ እኛም ጋ ደርሷል። ከአማርኛ ዜና ክፍሎች አንዳንዶቹ «ቱርኪዬ» ማለት ጀመሩ። ሌሎቹ «ቱርክ» ላይ ጸኑ። አርዕስቱ ላይ «ቱርኪዬ» ብሎ ውስጥ ሲገባ «ቱርክ» የሚልም አይጠፋም። የአንካራው መመሪያ ስለ አማርኛ ብዙ የተጨነቀ አይመስለኝም። ቢሆንም ጉዳዩ ከተነሳ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ባለቤቱ በፈለገው ስም ይጠራ ይላል። ሌላው ደግሞ አማርኛን የሚያዝዘው ማነው ይላል።

ሁለቱም ወገን ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ጅማ መኖር ይጠቅማል።

ከተማችን በላቲን ፊደል ቢያንስ አራት ዓይነት ትጻፋለች። በአፋን ኦሮሞ ቁቤም ሆነ በዛሬው እንግሊዝኛ በ«ጄ» ይጀመርና ሁለት «ኤም» ይገባበታል። በቆዩ ካርታዎችና መዝገበ ዕውቀቶች ላይ «ኤም»ዋ አንድ ብቻ ናት። በጣሊያን ዘመን ወረቀቶች ላይ ስሙ በ«ጂ» ይጀምራል። በውጭ የቡና ገበያ ደግሞ ከፊቱ «ዲ»፣ ከኋላው «ኤች» ተጨምሮበት ረጅም ይሆናል። ጅማ 5 የሚባለው የቡና ደረጃ ባሕር ሲሻገር ይዞት የሚሄደው ይሄንኑ ረጅም ስም ነው።

አንዱም ስህተት አይደለም። ልዩነቱ የመጣው ስሙ ወደ ላቲን ፊደል የገባበት በር ስለተለያየ ነው።

አንድ «ኤም» ያለውን እንይ። የእኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው ይሁን አንባቢው ከአገባቡ ነው የሚለየው። «ጅማ»ም ስትጠራ ትጠብቃለች፣ ስትጻፍ ግን አይታወቅባትም። ስለዚህ ፊደሉን አንድ በአንድ ወደ ላቲን የገለበጠ ሰው የሚያገኘው አንድ «ኤም» ነው። የካርታ ሥራም በዚሁ መንገድ ነበር የሚሄደው። የአማርኛ የቦታ ስሞች በላቲን የሚጻፉበት ሥርዓት በ1967 ጄኔቫ ላይ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የመልክዓ ምድር ስሞች ጉባኤ ተቀባይነት አግኝቷል። በዚያ ሥርዓት የአዲስ አበባም «ዲ» አንድ ብቻ ናት። ቁቤ ግን የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለቴ ይጽፈዋል። ከ1991 በኋላ ቁቤ የቢሮና የትምህርት ቤት ፊደል ሲሆን፣ የጅማ ሁለት «ኤም»ም በየታፔላው ላይ ጸና።

የጣሊያኑ ቀላል ነው። ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 ምሥራቅ አፍሪካን በስድስት አስተዳደር ሲከፋፍሉ ጅማ የአንዱ መቀመጫ ነበረች። ጣሊያንኛ «ጂ»ን ከ«አይ» ፊት ሲያገኛት «ጅ» ብሎ ያነባታል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ግን ያንኑ ወረቀት አንስቶ «ጊማ» ቢል አይፈረድበትም።

የቡናው ይበልጥ ይጥመኛል። ፈረንሳይኛ «ጄ»ን «ዥ» ብሎ ነው የሚያነባት። «ጅ» እንድትል ከተፈለገ ከፊቷ «ዲ» ይቀመጣል። ጅቡቲ በእንግሊዝኛ እንኳ በ«ዲ» የምትጀምረው በዚሁ ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ ቡና ደግሞ ለረጅም ዘመን ወደ ባሕር የወረደው ፈረንሳዮች በሠሩት ባቡር ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ የወዲያኛው ጫፉ ጅቡቲ። ጅማም «ዲ»ዋን ያገኘችው በዚያ መንገድ ላይ ይመስለኛል። የወለጋም ቡና በውጭ ገበያ ዛሬ ድረስ የሚታወቀው በነቀምቴ ሳይሆን በ«ለቀምቲ» ነው። ላኪዎች ለምን አያስተካክሉትም ብትሉ፣ ገዢው የለመደው ይሄንን ስለሆነ ነው። ስሙን ያስተካከለ ላኪ ሌላ ቡና ይዞ የመጣ ሊመስልበት ይችላል።

እንግዲህ የእኔ ነጥብ እዚህ ጋ ነው። የአጻጻፍ ጠብ ሲነሳ አንድ አገርና አንድ ባዕድ ቋንቋ ፊት ለፊት የተጋጠሙ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን መሀል ላይ ሦስተኛ ወገን አለ። ስሙን ተሸክሞ ያደረሰው ሌላ ቋንቋ፣ ሌላ ገዢ ወይም ሌላ ነጋዴ ማለቴ ነው። ጠቡም ከዚያ ከሦስተኛው ጋር ነው።

ጆርጂያን ውሰዱ። ጃፓኖች ይህቺን አገር ለብዙ ዘመን የጠሯት ከሩሲያኛ በወሰዱት «ግሩዚያ» በሚል ስም ነበር። በ2008 ጆርጂያና ሩሲያ ተዋጉ። ከዚያ ወዲያ ጆርጂያ ይሄ ስም ይቀየርልኝ ብላ ጃፓንን መወትወት ያዘች። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ነገሩ በዜና ክፍል ውሳኔ ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። የአገሮች ስም በውጭ ስለሚከፈቱ ኤምባሲዎች በወጣ ሕግ ውስጥ ተዘርዝሯል። ስለዚህ በ2015 ፓርላማው ሕጉን አሻሻለ። አሁን ጃፓንኛም «ጆርጂያ» ይላል።

የሚያስቀው ሌላው ነው። ጆርጂያውያን በራሳቸው ቋንቋ አገራቸውን «ሳካርትቬሎ» ነው የሚሏት። ጃፓንን ሲለምኑ ግን «ሳካርትቬሎ በሉን» አላሉም። የለመኑት የእንግሊዝኛውን ስም ነው! የራሳቸው ባይሆንም ግድ አልነበራቸውም፤ የሩሲያው ብቻ ይውጣ። ጠቡ ከጃፓን ጋር ቢሆን ኖሮ ልመናው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ሊቱዌንያ በበኩሏ ራቅ ብላ ሄደች። በ2018 ከ«ሳካርትቬሎ» የተበጀ ስም በቋንቋዋ እንዲሠራ ፈቀደች። እነሱም ከሩሲያኛ ጋር የራሳቸው ሒሳብ ስላላቸው ሳይሆን አይቀርም።

የዩክሬን ዋና ከተማም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛው ለብዙ ዘመን የጻፈው የሩሲያኛውን «ኪየቭ» ነበር። ዩክሬን በ1995 በላቲን ፊደል የሚጻፈው ከዩክሬንኛው አጠራር ተወስዶ «ኪዪቭ» እንዲሆን ወሰነች። ለሃያ ዓመት ያህል ብዙ ሰው ጉዳዬም አላለው። በ2019 አሶሺየትድ ፕሬስ ቀየረ፣ ቢቢሲም በዚያው ዓመት ተከተለ። በ2022 ጦርነቱ ሲስፋፋ ደግሞ የቀሩት ብዙዎቹ ገቡ። ከመጀመሪያው ውሳኔ እስከ ለውጡ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጀ ማለት ነው። የአንድ ፊደል ለውጥ ሰው ጆሮ የሚገባው ከጀርባው ያለው ጉዳይ ሲታይ ነው።

ሩሲያና ዩክሬን ራሳቸው የሚከራከሩባት ነገር ከዚህም ታንሳለች። አንዲት መስተዋድድ ናት። ሩሲያኛ «ዩክሬን ውስጥ» ለማለት በልማድ የሚጠቀመው «ላይ» የምትለዋን ነው፤ ደሴት ላይ፣ ዳርቻ ላይ እንደሚባለው። ዩክሬን በ1993 እንደ ሌላው አገር «ውስጥ» በሉን አለች። ሞስኮ ውስጥ ዛሬ አንድ ሰው የትኛዋን እንደመረጠ ሰምቶ የፖለቲካ አቋሙን መገመት ይቻላል።

ስዊድንም በ2019 ቤላሩስን በአዲስ ስም መጥራት ጀመረች። የድሮው የስዊድንኛ ስም «ነጭ ሩሲያ» የሚል ነበር። የሩሲያ ቁራሽ የምታስመስል ስም ለቤላሩሶች ምን ያህል እንደምትጎረብጥ መገመት አያቅትም።

እስከዚህ ድረስ የእኔ ሚዛን ቀጥ ብሎ ይሠራል። ስሙ በጉልበተኛ እጅ በኩል ከገባ ባለቤቱ ይቀየርልኝ ማለቱ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ኮትዲቯር ላይ ነው።

ይህቺን አገር እንግሊዝኛ «አይቮሪኮስት» ይላታል፣ ጀርመንኛ፣ ስፓኒሽና ፖርቱጋልኛም የዝሆን ጥርስንና የባሕር ዳርቻን በየቋንቋቸው እየተረጎሙ ይጠሯታል። በ1985 መንግሥቱ በቃኝ አለ። በየትኛውም ቋንቋ ስሜ አይተርጎም፣ «ኮትዲቯር» ብቻ ይባል አለ። ኬፕ ቨርዴም በ2013 ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርባ «ካቦ ቨርዴ» ሆነች። ስሞቹን ልብ ብላችሁ እዩ። አንዱ ፈረንሳይኛ ነው፣ ሌላው ፖርቱጋልኛ። አገሮቹ የጠበቁት የቅኝ ገዢያቸውን ቃል ነው! በእኔ ሚዛን መጀመሪያ መውደቅ የነበረበት እሱ ነው።

ግን ትንሽ ቢታሰብበት ነገሩ ያን ያህል አይገርምም። እነዚህ አገሮች የሚሠሩት በእነዚያ ቋንቋዎች ነው። ከስድሳ በላይ ቋንቋ የሚነገርባት ኮትዲቯር ውስጥ ከአንዱ ብሔረሰብ ቋንቋ ስም ቢወጣ ሌላው ያኮርፋል። ፈረንሳይኛው የማንም ስላልሆነ የሁሉም ሆኗል። ሌላው ምክንያት ደግሞ የወረቀት ጣጣ ነው። በስብሰባ ላይ አገሮች የሚቀመጡት በፊደል ተራ ነው። ስሙ በየቋንቋው ከተተረጎመ መልእክተኛው አንዴ «ሲ» ላይ፣ አንዴ «አይ» ላይ፣ አንዴ «ኢ» ላይ ወንበር ሲፈልግ ይውላል። ከቢሮ ጋር ጣጣ የነበረበት ሰው ይሄን ቶሎ ይረዳል።

ስዋዚላንድ በ2018 «ኢስዋቲኒ» ስትሆንም ንጉሥ ምስዋቲ የሰጡት አንዱ ምክንያት ይሄንኑ ይመስላል። ውጭ አገር ስንሄድ ስዊዘርላንድ ይሉናል አሉ። ቼክ ሪፐብሊክም በ2016 አጭር የእንግሊዝኛ ስም ስታስመዘግብ ከቼችንያ ጋር ትምታታለች የሚል ስጋት ተነስቶ ነበር። ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2013 የቦስተን ማራቶን ፍንዳታ ጊዜ ተጠርጣሪዎቹ የቼችንያ ዝርያ እንዳላቸው ሲሰማ፣ በአሜሪካ የቼክ አምባሳደር እኛ ሌላ ነን ብለው መግለጫ እስከማውጣት ደርሰዋል።

ወደ ቱርክ እንመለስና፣ የእሷ ጥያቄ ከሁለቱም ይለያል። በመሀል የገባ ገዢ የለም። ወንበርም አልጠፋባትም። ዋናው ቅሬታ በእንግሊዝኛ ስሟ የወፍ ስም መሆኑ ነው፤ ያ በምስጋና ቀን አሜሪካኖች የሚጠብሱት ትልቅ ወፍ። ከዚያም አልፎ ወደ ውጭ በሚላክ ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ንግዳዊ ምልክት ጉዳይ ነው። መብቷ ነው። ግን ቱርክኛ ራሱ ምን ይላል? ያንን ወፍ «ሂንዲ» ይለዋል፣ የሕንድ ማለት ነው። ግብፅን ደግሞ «ምስር» ይላታል፣ ያው ቃል በቱርክኛ በቆሎ ነው። (በእኛ ምስር ሌላ ነገር ነች፤ ወጥ ውስጥ እንተዋት።) እኛንም «ኢቲዮፕያ» ይሉናል፣ የአያቶቻቸው ቃል ደግሞ «ሐበሺስታን» ነበር። ማናችንም ደብዳቤ አልጻፍንላቸውም። ስለዚህ የቱርክን ጥያቄ በትሕትና እቀበላለሁ፣ እንደ ዩክሬኑ ግን ልቤን አይነካውም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም በ2023 መጀመሪያ አዲሱን አጻጻፍ ለመደበኛ ወረቀቶቹ ሲቀበል፣ ለሕዝቡ እንዲገባው ሲያስፈልግ የድሮውም ይሠራል ብሏል።

ከልክ ያለፈ ጥርጣሬም አለ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የሚወራ ነገር አለ። ጃፓን ስትገዛን የአገራችንን ስም ከ«ሲ» ወደ «ኬ» ቀየረችው፣ በፊደል ተራ ከእሷ ኋላ እንድንሰለፍ ነው ይባላል። በ2003 የተወሰኑ የምክር ቤት አባላት «ሲ» ትመለስልን ብለው እስከመጠየቅ ደርሰዋል። ነገር ግን «ኬ» ጃፓን ኮሪያን ከመጠቅለሏ ከ1910 በፊትም በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ላይ ነበረች፤ ሁለቱ አጻጻፎች ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። ስለዚህ ወሬው አይቆምም። ሥሩ ግን ይገባኛል፤ ጃፓን በእርግጥ ብዙ ነገር ወስዳባቸዋለች፣ በዘመኑ የሰዎቻቸውን የቤተሰብ ስም ሳይቀር ወደ ጃፓንኛ አስቀይራለች። ያን ያየ ሰው አንዲት ፊደልም ወሰዱብን ቢል ምን ይደንቃል? ቃኘው ሻለቃ የዘመተባትን አገር እኛ ስንጽፋት ግን በ«ሲ»ም መጣች በ«ኬ» ያው «ኮ» ናት። የግዕዝ ፊደል አንዳንዴ ከጠብ ያወጣል።

የእኛስ ስም? እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

ፓስፖርታችን ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው የአገራችን ስም ከግሪክ በላቲን በኩል ዞሮ የመጣው ነው። መሀሉ ላይ ያለችውን ድምፅ እንግሊዞች ምላሳቸውን በጥርሳቸው መሀል አድርገው ነው የሚያወጧት፤ አማርኛም ኦሮምኛም ያቺን ድምፅ አያውቋትም። «ጵ»ም የለችበትም። አፋን ኦሮሞ የአገሪቱን ስም ሲጽፍ አናባቢዎቹን ያረዝማል፣ ሶማሊኛ ደግሞ በ«ቢ» ይጽፈዋል። ይሄ ሁሉ ልዩነት እያለ ዓለም እኛ እንደምንጠራው ይጻፍልን ያለ መንግሥት የለንም። ለምን? ይሄኛው ባዕድ አጻጻፍ ስለሚጠቅመን ነው። ከሆሜር ዘመን ጀምሮ በግሪክ ጽሑፍ ያለ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የተነበበ ስም ነው። ማን አስተካክሉልኝ ይላል?

የተጣላነው ከሌላው ጋር ነው፣ ከ«አቢሲኒያ»። የአውሮፓ ጋዜጦች በ1935 ጣሊያን ስትወርረን እንኳ የሚጽፉት ይሄንኑ ነበር። በአገር ውስጥ ግን ምርጫው ቀደም ብሎ ተጀምሯል። በ1905 የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ በ1931 የኢትዮጵያ ባንክ ሆነ። በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲፈረም አገሪቱ የፈረመችው ኢትዮጵያ ተብላ ነው። ከዚያ ደግሞ በ1996 የተቋቋመ የግል ባንክ ስሙን መልሶ አነሳው። ጅማ ውስጥም ታፔላው ላይ እናነበዋለን፤ ማንንም አያስቆጣም። ስሙን ያመጣው እጅ ኃይል ካጣ በኋላ ስሙ ራሱ ጌጥ ይሆናል።

ጅማ ላይ ይህ ነገር ሌላ ፊት አለው። በዐረብኛ በሚቀራባቸው የከተማችን መስጊዶች አገራችን «አል-ሐበሻ» ናት። ነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮቻቸውን ወደ ነጃሺ አገር የላኩበት፣ የመጀመሪያው ስደት የተደረገበት ምድር ስም ነው። «አቢሲኒያ» የሚለው የአውሮፓውያን ቃልም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። የዛሬው ዐረብኛ ዜና ግን «ኢትዮቢያ» ይላል። እንግዲህ አንድ መንግሥት ተነስቶ «ሐበሻ» የሚለው የውጭ ስም ከዐረብኛ ይጥፋልኝ ቢል፣ እዚሁ ያለ ደረሳ (የመስጊድ ተማሪ) የሚወደውን ስም ነው የሚነካው። «ሐበሻ» በአገር ውስጥ ደግሞ ሁሉም የሚለብሰው ስም አይደለም፤ ብዙ ኦሮሞ እኔን አይመለከትም ይላል። በሦስት ቋንቋ በሚጻፍበት በአንድ ከተማ ውስጥ አንድ ስም ለአንዱ በረከት፣ ለሌላው ባዕድ ነው።

የክርስቲያኑም ወገን የራሱ ቅሬታ አለው። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የመዝሙር 68 ቃል የማያውቅ የለም። ከቅርብ ዘመን የእንግሊዝኛ ትርጉሞች አንዳንዶቹ ግን «ኢትዮጵያ»ን አውጥተው «ኩሽ» አስገብተዋል። ስማችንን ፋቁት የሚል ቁጣ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ተርጓሚዎቹ ያደረጉት ወደ ዕብራይስጡ መመለስ ነው፤ በዕብራይስጥ ቃሉ «ኩሽ» ነው፣ «ኢትዮጵያ» ያደረጉት የግሪክ ተርጓሚዎች ናቸው። መሀል የገባውን ሦስተኛ እጅ አስወጡት ማለት ነው። ዩክሬን ላይ ያጨበጨብንለት ነገር እዚህ ሲመጣ አመመን። እኔም ጥቅሱ በ«ኩሽ» ሲነበብ ጆሮዬ አይወደውም፣ ግን ለምን እንደማይወደው አውቃለሁ፤ መሀል የገባው እጅ ለእኛ የወረወረው ጥሩ ዕጣ ስለሆነ ነው።

ስለ ራሳችን አጻጻፍም አንድ ነገር። «ኢትዮጵያ» ወይስ «ኢትዮጲያ»? ሁለተኛው በየግድግዳው፣ በየቲሸርቱ አለ። ትክክለኛው የመጀመሪያው ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከጆሮ ነው፤ ሳድሱ ከ«ያ» ፊት ሲሆን እንደ ሣልስ ይሰማል። «ጣልያን» እና «ጣሊያን»፣ «ሶማልያ» እና «ሶማሊያ» ላይ የሚያምታታን ይኸው ነው። «ኢትዮጲያ» ብሎ የጻፈ ሰው አገሩን አልናቀም፤ በጆሮው ነው የጻፈው። በዚህ ሰበብ ሰው ላይ የሚወርደው ስድብ ግን ለጠላት እንኳ ይበዛል።

ብዙ ሰው የአጻጻፍ ጉዳይ የክብር ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ጅማ ላይ የሚያንገበግበን ግን ወረቀቱ ነው። ቡና ላኪ ኤልሲ (ባንክ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) ሲከፈትለት የዕቃው መግለጫ ኤልሲው ላይና ኢንቮይሱ ላይ መገጣጠም አለበት። በአንዱ ላይ «ዲ» ኖሮ በሌላው ከሌለ ባንክ ሊጠይቅ፣ ክፍያም ሊዘገይ ይችላል። ኢትዮጵያ በ2005 ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስታመለክትና ከስታርባክስ ጋር ስትሟገት ቆይታ በ2007 ስትስማማ፣ ጨዋታው በሙሉ በላቲን የተጻፉ ስሞች ላይ ነበር። የሲዳማ ክልል በ2020 ሲመሠረት ስሙ በ«ማ» ነው የሚያልቀው። ቡናው ግን ገዢ ዘንድ አሁንም «ሲዳሞ» ነው፤ የተመዘገበውም እንደዚያ ነው። ክልሉ ስሙን አስተካከለ፣ ምልክቱ የድሮውን ይዞ ቀረ።

የሰው ስም ከዚህ የከፋ ነው። መሐመድ የሚባል ልጅ ያለው የጅማ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። በ«ኦ» ነው በ«ዩ»? «ኤም» ስንት? መጨረሻው «ኢ» ነው «ኤ»? ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ይጽፋል፣ ፓስፖርት ሌላ፣ የባንክ ደብተር ሦስተኛ። የእኔም ዘመድ የዲግሪው ላይ ስምና የፓስፖርቱ ላይ ስም በአንዲት ፊደል ተለያይተው አንድ ቢሮ ደጅ ሲመላለስ ከርሟል። ፊደል የሚያውቅ ሰው በሁለት ደቂቃ የሚፈታው ነገር ነበር።

አገሮችም የሚያሸንፉት እዚህ፣ ወረቀት ላይ ነው። ተ.መ.ድ. ተቀብሎ ከመዘገበ፣ የኤምባሲ ደብዳቤ፣ የአየር መንገድ ሲስተም፣ የውድድር ሰሌዳ ቀስ በቀስ ይከተላል። የአገር ኮዶች እንኳ ግትር ናቸው፤ ኢስዋቲኒ ስሟን ብትቀይርም ዛሬም የምትጠቀመው በስዋዚላንድ ጊዜ የተሰጣትን «ኤስ ዜድ» ነው። አፍ ላይ ግን ሥልጣን የለም። በ2024 መጀመሪያ ኮትዲቯር ናይጄሪያን 2 ለ 1 ረትታ የአፍሪካ ዋንጫን ስትበላ ስክሪኑ «ኮትዲቯር» ሲል ቆይቷል። ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች ውስጥ የተጮኸው ግን «አይቮሪኮስት!» ነው። ደብዳቤው ከተጻፈ ወደ አርባ ዓመት ሊሞላው ነበር።

ሕንድም በ2023 የጂ20 እራት ግብዣ ላይ ፕሬዚዳንቷን የ«ባራት» ፕሬዚዳንት ብላ ጽፋ ወሬ አስነስታለች። ሕገ መንግሥቷ ከመጀመሪያው አንቀጽ ሁለቱንም ስም ይዟል። መደበኛ ጥያቄ ግን አልቀረበም። ቢቀርብ የእኛ አማርኛ ምን ይላል? «ሕንድ» የሚለውን ከእንግሊዝ አልወሰድንም፤ ከዚያ በፊት ጀምሮ በግዕዝ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ነው። ማንም መሀል ገብቶ ያስያዘን አይደለም። ለደልሂ ብለን የምንጥልበት ምክንያት አይታየኝም።

በዚሁ ሚዛን እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው። የዩክሬኗን ከተማ «ኪዪቭ» እላለሁ፤ ለአማርኛ አፍ ትንሽ ብትከብድም። ቤላሩስን «ቤላሩስ»፣ ጆርጂያን «ጆርጂያ»፣ የራሷ ሰዎች ያን ከመረጡ እኔ «ሳካርትቬሎ» ብዬ ልበልጣቸው አልፈልግም። ኮትዲቯርን በዜና ላይ «ኮትዲቯር»፣ ከጓደኞቼ ጋር ኳስ ሳይ የፈለግኩትን። ቱርክ «ቱርክ» ናት፤ አማርኛው የወፍ ስም የለበትም፣ ከእንግሊዝኛም አልመጣም፣ ቅሬታው እኛን አይመለከትም። ኤምባሲው በራሱ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ «ቱርኪዬ» ካለ ግን ያንን ጽሑፍ ስጠቅስ እንዳለ እጠቅሰዋለሁ። ጅማን በላቲን ስጽፍ በሁለት «ኤም» ነው፣ ያለ «ዲ»። ቡና ላኪ ብሆን ግን «ዲ»ዋን አልነካትም ነበር።